በመስታወት በራችሁ ላይ ስለተለጠፈው ሃያ ሰባተኛ መስመር

ለተከበሩ የኢንተርኔት አድራሻ ምዝገባና ማረጋገጫ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንዳችም ስህተት ባልተገኘበት መስመር ላይ አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ ነሥቼ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ እንዲሁም ከጥዋት እስከ ማታ የሰው ገመና ተሸክሞ የሚውለው የመስታወት በራችሁ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኔን ጤንነት ከጠየቁ፣ ከሐሙስ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ ነገሬ ቢንዛዛ ከእርጅና እንዳይመስልዎ። ደብዳቤውን ለጋዜጣ የሰጠሁት መዝገብ ቤታችሁ አልቀበልም ስላለኝ ነውና በድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

እኔ በማተሚያ ቤት ሰላሳ አንድ ዓመት እርማት አንባቢ ሆኜ ያገለገልኩ ጡረተኛ ነኝ። የምኖረው ከልጄ ጋር ነው። ቅሬታዬንም እንደ ሥርዓታችሁ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የድሮው የኢንተርኔት አድራሻ ስላለቀ የአዲሱ ትውልድ አድራሻ መጥቷል ብላችሁ ስላበሠራችሁን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በቤታችን ኮምፒውተር ላይ ፈልጌ ሳገኘው ሰላሳ ሁለት ቁጥርና የላቲን ፊደል፣ በአራት በአራት ተከፍሎ፣ በየመሀሉ ሁለት ነጥብ ገብቶበት አየሁ። ልጄም አጠገቤ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። የፊተኛው ግማሽ የቤቱ መስመር ስለሆነ ቤት ሲቀየር ይቀየራል፤ የኋለኛው ግማሽ ግን በእኛ ኮምፒውተር ላይ ከማሽኑ ከራሱ መለያ የተቀዳ ስለሆነ የትም ብንወስደው ያው ነው። እኔ ጅራት አልኩት። በጅራቱ እንዳይታወቅ ተብሎ ኮምፒውተሩ በየቀኑ የሚቀያየር ሌላ ጊዜያዊ አድራሻ ያወጣና እንደ ጭምብል አጥልቆት ወደ ውጭ ይወጣል። ጥሩ ነገር ነው ብዬ ተደሰትኩ።

ሁለተኛ፣ የመመዝገቢያ ቅጻችሁ ለአድራሻ የተወው ቦታ አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ የሚቀያየረውን የት እንደምታገባው ግራ ገባት። እግዜር ይስጣትና ባለሙያ ቤታችን ድረስ ልካ ጭምብሉን አዘጋችልን። ልጄ ይቅርብን ብላ ብትለምነው፣ መመሪያ ነው እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ ብሏት ሥራውን በአምስት ደቂቃ ጨርሶ ሄደ።

እዚህ ላይ ስለ ልጄ ጥቂት መናገር ግድ ሆኖብኛል። ከሰባት ወር በፊት አንድ ሻንጣና ይህንኑ ኮምፒውተር ይዛ፣ ግራ እጇ በጄሶ ታስሮ መጣችብኝ። ጄሶ ያሳሰራት ባሏ ነው። የሰውየው ሥራ በየመሥሪያ ቤቱ ኔትዎርክ መዘርጋት ነው፤ ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ከማን ጋር ተጻጻፍሽ እያለ ኮምፒውተሯን ይበረብር ነበር። ሰው የልጁን የልደት ቀን በቃሉ እንደሚያውቅ እሱም የዚያን ጅራት አሥራ ስድስቱንም በቃሉ ያውቃል፤ ብትሄጂም በዚህ አገኝሻለሁ እያለ እንደ ጸሎት ይደግምላት ነበር። እኔ ጡረታ ስወጣ ቤት ስለቀየርኩ አሁን የምንኖርበትን አያውቅም። ኮምፒውተሩን እንዳትጥለው የቤት ፕላን የምትስለው በሱ ነው፣ ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

ሦስተኛ፣ ለማረጋገጫ ይሆን ዘንድ ተመዝጋቢውን ሁሉ በበራችሁ ላይ ለጠፋችሁ። የደንበኛን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል ስም አልተጻፈም የሚል ማሳሰቢያ ከላይ በደማቁ ሰፍሯል፤ ይህን ሳነብ አንጀቴ ራሰ። ከስም በቀር ግን ሁሉም አለ። ሰፈሩ አለ፣ የቤት ቁጥሩ አለ፣ ከጎኑም አድራሻው ከነጅራቱ ተዘርግቷል። ሃያ ሰባተኛው መስመር ላይ ስደርስ ክው አልኩ። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ሰላሳ ሁለቱንም አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ግድፈት ስረግም የኖርኩ ሰው ምነው ዛሬ አንዲት ብትገኝ ብዬ ተመኘሁ፤ የጸሐፊያችሁ እጅ ይባረክና አንዲትም የለች።

አራተኛ፣ ይነሳልኝ ብዬ ቢሮዎ በገባሁ ጊዜ ወንበር ስለሰጡኝ ውለታዎን አልረሳም። ይህን ረጅም ቁጥር አይቶ ማን ማንን ይለያል ብለው ስቀው አጽናኑኝ። አንድ ሰው ይለያል፣ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው ብቻ፣ ብዬ ብነግርዎ ስልክዎ ጠራ። ከስልኩ በኋላ እንዳስረዱኝ፣ ስህተት የተገኘበት ገጽ በዚያኑ ቀን ተነሥቶ ይታረማል፤ የእኔ መስመር ግን ትክክል ስለሆነ አቤቱታ አይስተናገድበትም። ፖሊስ ጣቢያ ብሄድ መለጠፉን የሚገልጽ ደብዳቤ ከእናንተ አምጣ አሉኝ፤ መዝገብ ቤታችሁም የፖሊስ ደብዳቤ አምጣ አለኝ። ልጄ በበኩሏ ጭምብሉን መልሳ ብታበራው፣ አድራሻዎ ከተመዘገበው ጋር ስለማይመሳሰል መስመርዎ ይቋረጣል የሚል መልእክት ወዲያው ላካችሁልን። ለፍጥነታችሁ ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

አምስተኛው የእናንተ ጥፋት አይደለም፣ የእኔ ነው። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ጥበቃው ሊበላ ሲሄድ፣ ማተሚያ ቤት እንደለመድኩት ሰፈራችንንና የቤት ቁጥራችንን በምላጭ ጫፍ ፍቄ በቦታቸው የእናንተን መሥሪያ ቤት ሰፈርና ቁጥር ጻፍኩበት። ከሥሩ የሚነበብ ነገር አልተውኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክሉን ወደ ስህተት አረምኩ። እንግዲህ ስህተት ተገኝቷልና በቃልዎ መሠረት ገጹን ያንሡልኝ።

ነገር ግን ሐሙስ ጥዋት ጥበቃችሁ አባባ ብሎ ጠራኝና አንድ ነገር አጫወተኝ። ረቡዕ ዕለት ትከሻው ላይ የኮምፒውተር ገመድ ጥቅል ያንጠለጠለ አንድ ትሑት ሰው መጥቶ ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ ወርዶ፣ ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ አካባቢ ቆመ፣ ፈገግ አለ፣ አመስግኖም ሄደ። ከምሳ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብዬ ብጠይቀው፣ እንጃ አባባ፣ አላስተዋልኩም አለኝ። ሃያ ሰባተኛው መስመር ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ትናንት ጎረቤታችን መሰላል ልትዋስ በሩን ብታንኳኳ፣ አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘን ድምፃችንን አጥፍተን ተቀመጥን፤ ሴትየዋም ተስፋ ቆርጣ ሄደች። ልጄን አክስቷ ዘንድ ልሸኛት ሻንጣዋን ባስርላት፣ ስንት ጊዜ ልሽሽ አባዬ ብላ መልሳ ፈታችው። ከበራችሁ በላይ ካሜራ አለ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው የመጣው ከምሳ በፊት ይሁን በኋላ አይተው ይንገሩኝ።

ለደንበኛ ምስጢር ያላችሁ ጥንቃቄ እንዳይጓደል እየተመኘሁ፣ ወንበርዎን፣ ሳቅዎንና ምክርዎን ዘወትር የማስታውስ፣ ትሑት አገልጋይዎ፣

የሃያ ሰባተኛው መስመር ባለቤት

ግልባጭ፦
ለጥበቃው፣ ከመሥሪያ ቤታችሁ የጠየቅሁትን ለመለሰልኝ ብቸኛ ሰው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰውየው የመጣው ከምሳ በኋላ ከሆነ የሚያንኳኳው የእናንተን በር ነውና ወንበር ስጡት፤ መስመሩ ስህተት ስላለበት የእሱ አቤቱታ ይስተናገዳል። የመጣው ከምሳ በፊት ከሆነ ግን መልስ ለመጻፍ አይድከሙ፤ ከእናንተ ቀድመን እናውቀዋለን።