ክሩ ያልተፈታው በሶ

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለዳግም።

የላክሁልህን በሶ ሳትቀምስ መልሰህ ንቀኸኛል። ይህን ካወቅህልኝ በኋላ ሰላምታዬ ይድረስህ፤ እኔና አያትህ እጅጋየሁ ደህና ነን።

ስልቻውን የወሰደልህ ነጋዴው ሀብቴ ትናንት እንደነበረ አምጥቶ አስረከበኝ። አፉን በወስፌ የሰፋሁበት ክር እንኳ አልተፈታም። «አያ ደምሌ፣ ዩኒቨርሲቲው ሄጄ ነበር፤ ፍራሹ ተጠቅልሏል፤ ጓደኞቹ ካዩት ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል» አለኝ። ሀብቴ ድሮም ወሬ ያበዛል። ፍራሽ ለፀሐይም ይጠቀለላል። ስልክህም ዝግ የሆነው ባትሪው አልቆ ነው፤ ለአያትህ እንዲሁ ነግሬያታለሁ።

በመስከረም ደውለህ «ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ምንም አልገባኝ አለ፤ ልምጣ» ስትለኝ፣ «እኔ ፊደል የቆጠርሁት ያለ መምህር፣ ከበሬ ኋላ ነው፤ ሳትመረቅ ደጄን እንዳትረግጥ» ብዬሃለሁ። ቃሌን አጥፌ አላውቅም።

ገብሱ ደርሷል፤ ዘንድሮ አጫጅ ጠፍቷል። ማጭድህን ሞርጄ ከምሰሶው ሰክቼዋለሁ። አያትህ መደብህን ለቅልቃለች። እኔ በየቀኑ ጨው ልገዛ ንፋስ መውጫ እወርዳለሁ፤ ሱቁ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ስለሆነ ሚኒባሶቹ ተራግፈው እስኪያልቁ እቀመጣለሁ። እጅጋየሁ «ኧረ አንቱ ሰውዬ፣ ጨው ጎተራ ሊሞላ ነው!» ትላለች።

ይህን ደብዳቤ ሀብቴ ለጓደኞችህ ይሰጣል። ያለህበትን የቤተ ልሔም አምላክ ያውቃል፤ እሱ ይጠብቅህ። የበሶውን ነገር ግን ዛሬ ጨርሻለሁ። ብትመጣ አልጠይቅህም፤ በቤቴም ማንም እንዲያነሳው አልፈቅድም።

አያትህ ደምሌ