ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጮኸው ስልክ

ረቡዕ

ወንድሜ ጫማውን ለሰው ሰጠ! ያንን አዲስ ጫማ፣ ገና ሁለቴ እንኳ በወጉ ያላደረገውን። ጎረቤታችን ኦቦ ፈይሳ በፌስታል ይዘውት ሱቄ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ ጌቱ ይሄን አድርጉት አለኝ። ደህና ነው?» አሉኝ። ፎቶኮፒ ማሽኔ ወረቀት ነክሶብኝ እየታገልኩ ስለነበር «ሀብታም ሆኖ ይሆናላ!» ብዬ ሳቅኩ።

ቤት ስገባ የእጅ ሰዓቱ ትራሴ ላይ ተቀምጧል። ጃኬቱንም ለአንዱ ሰጥቶታል። ልጮህበት አፌን ስከፍት ቀድሞኝ «እታለም፣ ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ይቅር በይኝ» አለኝ። ሽንኩርት እየላጥኩ። እንዲህ ዝም ብሎ፣ ጨው አቀብዪኝ እንደማለት።

ወንድሜ ከግንባር የመጣው ትከሻው ቆስሎ ነው። ትከሻው ድኗል። እሱ ግን አልዳነም። የሚያስፈራኝን ልጻፈው፦

አይተኛም።
በር ድንገት ሲጋጭ ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል።
ቅዳሜ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የግንባር ጓደኛው የቶሎሳ እናት አዴ ወርቄ ከካቺሲ ትደውላለች። ገበያ ወጥታ፣ ስልኳን እዚያው ቻርጅ አስደርጋ። ጌቱ እየሳቀ ያነሳል። «ደህና ነው ሃርሜ፣ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ልከውት ነው» ይላታል፤ ሃርሜ፣ እናቴ፣ ብሎ ነው የሚጠራት። ከዘጋ በኋላ እስከ ሰኞ እህል አይቀምስም። ያ ቶሎሳ ፈቃድ አግኝቶ በመጣና ባጫወተው እላለሁ።

ሐሙስ

ሱቁን ዘግቼ ሆስፒታል ሄድኩ። የአእምሮ ሕክምናው ክፍል ግቢው መጨረሻ ላይ ነው። ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩ፤ የበሽተኛው እህት ሆኜ እንዲህ ካፈርኩ እሱማ ምን ይሁን!

ሲስተር ሃና የምትባል ነርስ አገኘችኝ። ጫማውንም ሰዓቱንም ይቅርታውንም ነገርኳት። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ ብለሽ ጠይቂው» አለችኝ።

«እንትፍ እንትፍ በይ! ምን ታሟርቺብኛለሽ?»

አልተቆጣችም። «ስለጠየቅሽው አዲስ ሐሳብ አይገባበትም። ካለበት ግን መናገሪያ ያገኛል። አዎ ካለሽ ብቻውን አትተዪው፣ ያኔውኑ ይዘሽው ነይ» አለችኝ።

መንገዱን ሙሉ ጥያቄውን ስለማመደው መጣሁ።

«ጌቱ።»
«አቤት።»
«ሽሮ ይሁን ምስር?»

ኤጭ! እኔ ነኝ አፈ ጮማዋ?

ዓርብ

ጠየቅኩት። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ባዶውን ሲያይ አጠገቡ ቁጭ አልኩና ሳልተነፍስ አወጣሁት።

«አዎ» አለኝ። «ብዙ ጊዜ።»

ቶሎሳ ሞቷል። እቅፉ ውስጥ ነው የሞተው። በሳምንቱ ቅዳሜ እናቱ ደወለች። ጌቱ ደግሞ ያደገበት ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሽማግሌ ሄዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ ነው የሚነገረው። እና ለዚያች ቀን ብቻ «ደህና ነው» አላት። ከጦሩ ይነገራታል ብሎ። አልተነገራትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ «ታዲያስ ልጄ?» ስትለው ምን ይበል? ደህና ነው። እያለ፣ እያለ፣ እዚህ ደረሰ።

«በግ እያደለበችለት ነው እታለም። ሲመጣ የሚታረድ። እያንዳንዱ ቅዳሜ እንደገና እኔ የምገድለው ይመስለኛል። ሲመሽ ደግሞ ቶሎሳ ምን አልካት ይለኛል፣ ድምፁን እሰማዋለሁ። ነገ ቅዳሜ ነው። ነገን ማየት አልፈልግም።»

ለአንዴ እንኳ አልተቆጣሁም። ባጃጅ ጠርቼ ወሰድኩት። ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ ነበር። በር ላይ የምናውቀው ሰው «ምን ሆናችሁ?» ሲለን «ትከሻው» አልኩ።

ሲስተር ሃና በሩን ዘግታ ብዙ አወራችው፣ ሐኪምም አየው። መድኃኒት ጀመረ፣ ቀጠሮ ተሰጠው። ስልክ ቁጥሯንም ሰጠችን። እኔም ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ዕቃ ሁሉ አውጥቼ ኦቦ ፈይሳ ጋ አስቀመጥኩ።

ቅዳሜ

ጮኸ። ጠረጴዛው ላይ፣ «ሃርሜ ካቺሲ» የሚል ጽሑፍ እያበራ። እሱ ወደ ግድግዳ ዞረ። ስልኩ አቆመ፣ ደግሞ ጮኸ። አንስቼ ልንገራት ብዬ እጄን ሰደድኩና መለስኩት። እኔስ ምን እላታለሁ?

በጌቱ ፈቃድ ለኦቦ ፈይሳ ነገርናቸው። ጭንቅላታቸውን ይዘው ቆዩና «ይሄ የሽማግሌ ሥራ እንጂ የአንተ ብቻ ሸክም አልነበረም፣ ልጄ» አሉት። የአዴ ወርቄን ወንድም ያውቁታል፤ ደወሉለት። መርዶው ማክሰኞ ማለዳ እንዲሆን ተስማሙ። ጌቱ ካልሄድኩ አለ። ሲስተር ሃናን ጠየቅናት። «ይሂድ፣ ግን አንድም ጊዜ ብቻውን አይሁን። መድኃኒቱን እንዳትረሺ። ስትፈልጊኝ ደውዪ።»

ፍራሼን በሩ ሥር አንጥፌያለሁ። ካሻው ረግጦኝ ይውጣ።

ሰኞ

ከኦቦ ፈይሳ ጋር ወደ ካቺሲ ተነሳን፤ ጊንጪ ላይ መኪና ቀየርን። አቧራውን አያድርስ ነው። አንዲት ተሳፋሪ የጌቱን የወታደር ሱሪ አይታ «ከግንባር ነህ? እሰይ፣ እናትህ ታደለች!» አለችው። ጥርሱን ነክሶ አንገቱን ነቀነቀላት። እናታችን ከሞተች ቆይታለች።

ካቺሲ ከመድረሳችን በፊት «ቶሎሳ ይሄን መንገድ በቃሉ ያውቀው ነበር፣ ሌሊት ተረኛ ስንሆን ኩርባውን ሁሉ ይቆጥርልኝ ነበር» አለኝ። ከዚያ በኋላ በየኩርባው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የቶሎሳ አጎት፣ የአዴ ወርቄ ወንድም ቤት አደርን። እኔ ዓይኔን አልከደንኩም።

ማክሰኞ

ገና ሳይነጋጋ ሄድን። ኦቦ ፈይሳና ወንድሟ ከፊት፣ ጋቢ ተከናንበው። አዴ ወርቄ በሩን ከፈተች። ሽማግሌዎች ግቢዋ ውስጥ ሰላምታ ሳይሰጡ ቆመዋል። ማንም ምንም ሳይላት ጮኸች። ጩኸቷን እስክሞት አልረሳውም። በጉ እዚያው ግድግዳው ሥር ታስሮ ነበር።

ከዚያ ጌቱን አየችው። «አንተ! ልጄ አፈር ገብቶ እኔ ሰርግ በላሁ? ዘፈንኩ?» እያለች ደረቱን በቡጢ ደበደበችው። ልገባ ስል ኦቦ ፈይሳ ክንዴን ያዙኝ። ጌቱ እጁን አላነሳም። ቆሞ ተመታላት። ከዚያ አለቀሰ። ከመጣ ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። የሟቹ አጎት ጎትቶ ከዘመድ ጋር መሬት ላይ አስቀመጠው። እሱም እንደማንም ለቀስተኛ ተቀመጠ፣ ስለ ቶሎሳ እየተናገረ፣ ሰው እየሰማው።

እሷ ግን ፊቷን አዞረችበት። እኔ ሽንት ቤት ድረስ ተከተልኩት። ይሳቁብኝ፣ ምን ገዶኝ!

ሐሙስ

ተመለስን። ስንሰናበታት ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ቢል ሳታየው ቀረች። መኪናው ውስጥ ኩርባዎቹን እንኳ አልቆጠረም። ይበልጥ አባስንበት እንዴ? ለሲስተር ሃና ደወልኩ። «ነገ ጠዋት ይዘሽው ነይ» አለች።

ዓርብ

ሄድን። ያ ሰውዬ ዛሬም በር ላይ አገኘን። «ትከሻው አልዳነም?» አለኝ። ጌቱ ቀደመኝ። «ትከሻዬን አይደለም» አለውና ገባ። ኮፍያውንም አላደረገም ነበር።

ማታ ግን «ሃርሜ ከእንግዲህ አትደውልም» አለ። ፍራሼ ዛሬም በሩ ሥር ነው።

ቅዳሜ

ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሃርሜ ካቺሲ።

«ልዝጋው?» አልኩት። አነሳው። አዴ ወርቄ ስልክ ስታወራ ሁልጊዜ ትጮኻለች፣ ስለዚህ ሁሉንም ሰማሁ። ከኋላዋ የገበያው ሁካታ አለ።

«አከም ጅርታ፣ ልጄ? አንተ ራስህ እንዴት ነህ?»

ስንት ሰው ነው ከመጣ ጀምሮ እንዴት ነህ ያለው? ለሁሉም «ደህና፣ እግዜር ይመስገን» ነው። እኔም ይህንኑ ጠብቄ ነበር።

«ደህና አይደለሁም፣ ሃርሜ» አላት።

ገበያው ብቻ ተሰማ።

«እኔም ደህና አይደለሁም» አለች። ድምጿ ሻክሯል። «ተቀይሜሃለሁ፣ ገና አልወጣልኝም። ግን ቅዳሜ ስደውል አንሳ። አንተንም አልቅበር።»

«አነሳለሁ» አላት።

ከሰዓት ግማሽ እንጀራ በላ። ኦቦ ፈይሳ ጫማውን ይዘው መጥተው «ጠበበኝ» አሉ። አይ ኦቦ ፈይሳ! እግራቸው ከጌቱ በጣት ያንሳል። ጌቱ ተቀበላቸው። አላደረገውም፤ ግን አልጋው ሥር አስገባው።