ሐሙስና እሑድ ስለተዘጋብን የጠጠር መንገድ

ለሮም ዙሪያ የነጭ ጠጠር መንገዶች ኮሚታቶ
ለክቡር ፕሬዚዳንት
ሮም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎ፣ ወገብዎና ያ ባለፈው ሚያዝያ ቁልቁለቱ ላይ የተላጠው ክርንዎ እንዴት ሰንብተዋል? እኔ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ከመንገዴ ናፍቆት በቀር ምንም የጎደለብኝ የለም።

ስሜን ስለማያስታውሱት ራሴን ላስተዋውቅ። ውባንቺ ቃለጽድቅ እባላለሁ፤ እዚህ ሮም ባዳንቴ ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አረጋውያን ሳነሳና ሳስተኛ የኖርኩ፣ እንደ ማንኛዋም የቤት ሠራተኛ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ብቻ የራሴ የምሆን፣ ሃምሳ አራት ዓመት የሞላኝ ሴት ነኝ። የጠጠር መንገድ ብስክሌቴን የሰጠኝ እስኪያርፉ ድረስ ያስታመምኳቸው የጠበቃው፣ የአቮካቶ ልጅ ሲሆን፣ የሰጠበትም ምክንያት ጋራዡን አጣበበችብኝ ብሎ ነው። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ መጻፌ አይግረምዎ፤ በጣልያንኛ ስናገር ብራቫ፣ ብራቫ እያሉ ስለማይሰሙኝ ነው። ቪያ ቮልቱርኖ ላይ ያለው የኤፍሬም ስልክ ቤት መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ፣ የሚተረጉምልዎም አያጡም። የሌላ ሰው ሥራ ወደ እርስዎ ስም ሲዛወር ምንም እንደማይቸግርዎ አይቻለሁና።

አሎራ፣ እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ. ከሮም ደጃፍ ስለሚነሱት አሥራ ሁለት የጠጠር ጉዞዎች ያሳተሙትን ያማረ መጽሐፍ ገዝቼ አንብቤያለሁ፤ ሰባተኛው ጉዞ በተለይ ልቤን ነካው፣ የእኔ ነዋ። ከላ ስቶርታ ባቡር ጣቢያ ተነስቶ ወደ ወንዙ የሚወርደውን፣ ስንዴውን ለሁለት ሰንጥቆ የሚያልፈውን፣ በተቆረጠው ድንጋይ መካከል ቀዝቀዝ እያለ ገብቶ ወይራው ላይ ብቅ የሚለውን መንገድ ጓደኛዬ ሓዳስና እኔ አራት ዓመት ሙሉ በሐሙስና በእሑድ ለቅመን ነው ያገኘነው። የትኛው መንገድ የሰው ጓሮ ውስጥ እንደሚያልቅ፣ የበግ ውሾቹ ከየትኛው በረት እንደሚወጡ፣ ከዝናብ በኋላ ጭቃው የት ጋ ጫማ እንደሚያስቀር በእግራችን ተምረናል። አምና በመከር ወራት ጣቢያው ላይ አግኝተውን በትሕትና ሲጠይቁኝ፣ መንገድ የጠየቀ ሰው በእኛ ዘንድ ስለማይከለከል ስልኬ የመዘገበውን እያንዳንዱን መታጠፊያ ላኩልዎ። መጽሐፉ ግን ጉዞው በክቡር ፕሬዚዳንቱ የብዙ ዓመት ትዕግሥት የተጠና መሆኑን ይናገራል። ትዕግሥትዎን አደንቃለሁ፤ ለመላክ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም ነበር።

፪ኛ. ከወይራው በላይ ጣሪያዋ የፈረሰ ትንሽ የጸሎት ቤት እንዳለች ያውቃሉ። ሓዳስና እኔ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ደርሰን ዝም ብለን ማለፍ ስለማይሆንልን፣ እንደ ሥርዓታችን ሦስት ጊዜ እንዞራታለን፤ እግራችን በዛለ ቀን ደግሞ፣ እመቤቴ ይቅር ትበለን፣ ከብስክሌቱ ሳንወርድ። ስልኬ ይህንንም ሳያጓድል መዝግቦት ኖሯል። ኮሚታቶዎም ሳያጓድል ገልብጦ፣ ፍርስራሹን ሦስት ጊዜ መዞር ለሚዛን አጠባበቅ እጅግ ጠቃሚ መሆኑን ባለሙያዎቻችን አረጋግጠዋል ሲል ገጽ አርባ አንድ ላይ አስፍሮታል። ከዚያ ወዲህ ያ ሁሉ የራስ ቁር የደፋና ጠባብ ሱሪ ያጠለቀ ጎልማሳ በየእሑዱ ተራውን ጠብቆ ሲዞራት ይውላል። እዚሁ ሮም የሚማሩት ካቶሊካዊው መነኩሴ አባ ተስፋ ሥላሴ ነገሩን ስነግራቸው፣ ደወል እንኳ ሳይደወል ይህን ያህል ምእመን ለዑደት ያወጣ ሰው ስላላዩ ሰላምታቸውን እንዳደርስልዎ አዘዋል። የሰረቁትን ሳያውቁ መሳለምዎ ለነፍስዎ ይበጅዎ ይሆናል።

፫ኛ. እዚያው ገጽ ላይ ባለው ሥዕል፣ ከሩቅ ጀርባዋን ሰጥታ የምትታየውና ከሥሯ የአካባቢው ገበሬ ተብሎ የተጻፈባት ሴት ሓዳስ ናት። ፎቶውን ያነሳሁትም እኔ ነኝ።

፬ኛ. አሁን ወደ በሩ ልምጣ። ከጸሎት ቤቷ አልፎ ወደ ኮረብታው በሚወጣው የእርሻ መንገድ ላይ አረንጓዴ የብረት በር አቁመው፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ቴሴራ፣ ማለትም የአባልነት ካርድ፣ ካላቸው የኮሚታቶው አባላት በቀር ማለፍ ክልክል መሆኑን ለጥፈዋል። ከሰባቱ ቀን ለይተው እነዚህን ሁለቱን መምረጥዎ ድንቅ ነው፤ ሰኞ ወይም ረቡዕ ቢሆን ኖሮ አንዲት የቤት ሠራተኛ እንኳ ባልጎዱ ነበር። በግንቦት ሁለተኛው እሑድ ደርሰን ስናይዎ፣ መንገዱን የላክሁልዎ እኔ መሆኔን ብነግርዎም ቴሴራ ጠየቁኝ። ከዚያም ወደ ሓዳስ ዞር ብለው፣ ፈገግታዎ ሳይለይዎት፣ ሥራችን አድካሚ ስለሆነ እዚያው ስደተኛ በሚውልበት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ብናርፍ እንደሚሻለን መከሩን።

ክቡር ሆይ፣ ሓዳስን አያውቋትም። የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ሲቆጣት ሁለት ፌርማታ እስኪያልፍ የምትመልስ ሴት ናት። ያን ዕለት ግን አንድ ቃል ሳትናገር ብስክሌቷን አዞረች፤ እኔም ከኋላዋ ሆኜ እስከ ጣቢያው ድረስ ስታለቅስ ትከሻዋን አየሁ። ስድስቱን ቀን ጉልበቴን ሰው ያዝበታል፣ ስሜን ከአልጋ ላይ እየጠራ ያነሳኛል፤ ማንም የማይጠራኝ እዚያ መንገድ ላይ ብቻ ነው። እርስዎ የዘጉት ያንን ነው። ስለዚህ ሳልሸሽግ ልንገርዎ፦ ቂም ይዣለሁ። አባ ተስፋ ሥላሴ ይቅር በዪ ብለውኛል፣ ትእዛዛቸውንም ተቀብያለሁ፤ ከሰኔ ወር በኋላ እንዲሆን ብቻ ለምኛቸዋለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፣ እኔም እርስዎ እንዳይረሱ ልረዳዎ አስቤያለሁ።

አርባ ሁለት እንግዶች ጠርተው በሰኔ የመጨረሻ እሑድ ሰባተኛውን ጉዞ በክብር እንደሚመርቁ ሰምቻለሁ። እስከዚያ በሩ እንዲከፈትና የሓዳስ ስም ከስሜ ጋር በመጽሐፉ እንዲገባ ሁለት ጊዜ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። ሥራ በዝቶብዎት ነው ብዬ በቅን ተርጉሜዋለሁ፤ ሦስተኛ ግን አልለምንም።

መንገድዎ ሁሉ ዳገት፣ ነፋሱም ከፊት ለፊት እንዲሆንልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ለከፍተኛ ወንበርዎ የሚገባውን ያህል፣ ከዚያ አንዲት ሳልጨምር እጅ እነሳለሁ።

ውባንቺ ቃለጽድቅ
ካስትሮ ፕሬቶሪዮ፣ ሮም

ግልባጭ፦
ለሓዳስ
ለኤፍሬም ስልክ ቤት መስታወት
መንገድ ጠይቀው ለሚያውቁ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ለካስ በሩን ያቆሙበት መንገድ የመንግሥትም የኮሚታቶዎም አይደለም። ኮረብታው ላይ ባለው የድንጋይ ቤት የሚኖሩት የሲኞራ ኤርሲሊያ የግል መሬት ነው። እኛ አራት ዓመት ሙሉ ደጃቸውን ሳንሳለም አልፈን አናውቅም፣ ሐሙስ ሐሙስም የእግራቸውን ጥፍር የምቆርጠው እኔ ነኝ። እርስዎ አንድ ቀን እንኳ አላንኳኩም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንዲሉ፣ ሲኞራ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነውና ቁልቁል ወርደው አያዩም ብለው ይሆናል፤ እሳቸውማ በሩን የመብራት ሰዎች የተከሉት መስሏቸው ነበር። ባለፈው ሐሙስ በአስፋልቱ ዞሬ ደርሼ ነገርኳቸው። ሰኞ ዕለት ኖታዮ የሚባለውን ውል አዋዋይ አስመጥተው፣ በመሬታቸው ማለፍ የሚፈልግ የኮሚታቶው ሹም ሁሉ ፈቃዱን ከእኔ እንዲወስድ ፈርመዋል። ስለዚህ እኛ ለመኖሪያ ፈቃዳችን እንደምንጠየቀው፣ ፔርሜሶ ከፈለጉ በራስዎ እጅ የተጻፈ ማመልከቻ፣ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ማርካ ዳ ቦሎ የሚባለው ቴምብርና የመኖሪያ ማስረጃ ይዘው ይቅረቡ፤ አንድ ወረቀት ከጎደለ አንቀበልም፣ ምን እንደጎደለም አንናገርም። እንግዶችዎ ግን ምንም ወረቀት አያስፈልጋቸውም፤ ሲኞራ የበሩን ቁልፍ አስለውጠው ለሓዳስ ስለሰጧት በዕለቱ ተቀብላ የምትመራቸው እሷ ናት። ለእርስዎ ግን ለሰኔ አይደርስልዎትም፤ ማመልከቻ ለማየት ስድስት ወር ይፈጅብናል።