ፋኖስ የያዘችው ልጅና እናትሽ

አቃቂ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? የሐዋሳ አየር ተስማማሽ? ባለቤትሽ ሻፊስ ደህና ነው? እኛ ከጉልበቴ ሕመምና ከዘንድሮው ዝናብ በቀር ደህና ነን፤ ምስጋና ለፈጣሪ። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ እናትሽ ስለምትሰማኝ ነው፤ የቤታችንን ጥበት ታውቂዋለሽ።

ትተሽው የሄድሽውን ላፕቶፕ ከፈትኩት። አትቆጪኝ፤ ጡረታ የወጣ ሰው በክረምት ምን ይሠራል? ያ ተደብቀሽ ትጫወቺው የነበረ ጌም እዚያው አለ። ሰው የሌለበት ከተማ፣ ፋኖስ ይዛ ቤቷን የምትፈልግ ትንሽ ልጅ፣ ከኋላዋ የሚከተላት ረጅም ጥላ። ንግግር የለው፤ ነፋስና ሲጥጥ የሚል በር ብቻ። የተዘጋ በር ባጋጠማት ቁጥር መላ መፈለግ ነው። እኔማ ገና የመጀመሪያው ድልድይ ላይ ስንቴ ለጥላው እንዳስበላኋት!

እናትሽ መጀመሪያ «የሰይጣን ጨዋታ ቤቴ ውስጥ!» ብላ ጀርባዋን ሰጥታኝ ምስር ትለቅም ነበር። ሻፊን አግብተሽ ከሄድሽ ወዲህ ስምሽ እዚህ ቤት አይነሳም፤ ያንቺ የሆነ ነገር ሁሉ ያስከፋታል። አንድ ከሰዓት ግን ልጅቷ ስትሸሽ ምስሩን ትታ ዞረች። በማግስቱ ወንበሯን አስጠጋች። ከዚያማ መብራት ሲጠፋ ከእኔ ብሳ የምትናደደው እሷ ሆነች።

አንድ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ስንት ቀን ተቸገርን። ባስሮጥኳት ቁጥር ጥላው ይይዛታል። እናትሽ ታዲያ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን አታዋክባት፤ የሚከተላት መብራቱን እያየ ነው። ፋኖሷን አጥፋና ዝም ብላ ትቁም» አለችኝ። አጠፋሁት። ሁሉም ጨለመ፤ የልጅቷ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ጥላው እየቀረበ፣ እየቀረበ ሲመጣ እናትሽ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ፣ «አይዞሽ ሚጡዬ፣ አለሁልሽ» አለች።

ሚጡዬ! አንቺን በልጅነትሽ የምትጠራሽ እንደዚያ ነበር። ሁለታችንም ደነገጥን። እኔ መነጽሬን መጥረግ ያዝኩ፤ እሷ ወጥ አረረብኝ ብላ ተነሳች። እሳቱ ላይ የተጣደ ነገር አልነበረም።

ጥላው አለፈ። ባለፈው እሑድ ልጅቷ ቤቷ ደረሰች፤ በሩን አንኳኳች፤ ጨዋታው እዚያው ላይ አለቀ። እናትሽ በጣም ተናደደች። «ምን ዓይነት ወላጆች ናቸው፣ ልጃቸውን ደጅ ላይ የሚያቆሙ!» አለች። ከዚያ ተነስታ የራሳችንን ደጃፍ ጠረገች።

ትናንት ስኳር ልንገዛ ባለሱቁ ሀይረዲን ዘንድ አብረን ሄድን። እናትሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለዕንቁጣጣሽ ሁለት ዶሮ እንደምትገዛ ነገረችው፤ አንዱን እሱ በሙስሊም ደንብ እንዲያርድላት ለመነችው። ሀይረዲን «እሺ እትዬ፣ ደስ ይለኛል» አላት። እኛ ያንን እንደማንበላ ጠንቅቆ ያውቃል። ለማን እንደሆነ ግን አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ያንቺም የሻፊም አምላክ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ አፍ ይሰውራችሁ።

የሚወድሽ አባትሽ