«እጅዎን ይታጠቡ» ብዬ በርዎ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ

ለክቡር የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ። ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ ያህል ብቻ አይደለም፤ ጤና ቢያጡ ወደሚመሩት ሆስፒታል ይዘውዎት እንዳይመጡ ከልቤ ስለምሰጋ ነው።

እኔ ታፔላ ጻፊ ነኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጽኑ ሕሙማን ክፍልዎ ሲመረቅ፣ ከበሩ ወጣ ብሎ በስተቀኝ ከእጅ መታጠቢያው በላይ፣ «ከመግባትዎ በፊት እጅዎን ይታጠቡ» የሚለውን በሰማያዊ ቀለም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቦታ ስላጠረኝ «ይታጠቡ» የሚለው ቃል ጥግ ላይ ተጨናንቆብኛል፤ ለዚህ ጉድለቴ ዘግይቼም ቢሆን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያን ዕለት ሥራዬን ስጨርስ እጄን የታጠብኩት እዚያው ቧንቧ ላይ ነበር።

ታላቅ እህቴ በዚያ ክፍል፣ አራተኛው አልጋ ላይ፣ አሥራ ሁለት ቀን ተኝታ ባለፈው ወር አርፋለች። እናታችን በልጅነታችን ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እትዬ ነበር የምላት። የሙሽራ ቀሚስ ሰፊ ነበረች። የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ገጭቷት ሦስት የጎድን አጥንቷ ተሰበረ፤ ሳንባዋም ስለተጎዳ በአፏ ቱቦ ገብቶላት በመሣሪያ መተንፈስ ጀመረች። በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ ሳንባዋ ማገገሙን፣ ከሁለት ቀን በኋላም ቱቦው እንደሚወጣላት አበሰረን። በስድስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። በሰባተኛው ከቱቦው የሚመጠጠው አክታ መልኩን ቀየረ። ናሙናው ተመርምሮ ሲመጣ፣ ብዙ መድኃኒት የማይበግረው ጀርም ሳንባዋ ውስጥ እንደገባ ሐኪሙ ነገረን፤ ከቤቷም ከመንገዱም ይዛው የመጣች ሳይሆን እዚያው ክፍል ያገኛት እንደሆነም አልደበቀንም። የእርስዎ መሥሪያ ቤት በሰጠን ማስረጃ ላይ ግን የሞት ምክንያት በሚለው ቦታ «የመኪና አደጋ» ተብሎ ተጽፏል።

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ቧንቧው። ከጽሑፌ ሥር ያለው ቧንቧ ውሃው የውሃ ሽታ ከሆነ ዓመት እንዳለፈው የጥበቃ ሠራተኛው አጫውቶኛል። ገንዳው ባዶውን እንዳይታይ በማለት የፕላስቲክ አበባ ስላስቀመጡበት አመሰግናለሁ። ውሃ የማይጠይቅ አበባ መመረጡ አርቆ አሳቢነትዎን ያሳያል።

ሁለተኛ፤ በየአልጋው ግርጌ ለእጅ ማጽጃ አልኮል የሚሆን ማንጠልጠያ ተሰቅሏል፤ ማንጠልጠያው አለ፣ አልኮሉ የለም። የት እንደሄደ ብጠይቅ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው በትሕትና አስረዱኝ፤ ሠራተኞች ስለሚጠቀሙበት ቶሎ ቶሎ እያለቀ አስቸግሮ ነው አሉ፤ ስለዚህ በእርስዎ ትእዛዝ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ የሚወጣውም እንግዳ ሲመጣ ነው። እኔም እጄን በአፌ ጭኜ ተመለስኩ። በክፍሉ ግድግዳ ላይ ሠራተኞች እጃቸውን በታጠቡ ቁጥር ምልክት የሚደረግበት ሰንጠረዥ ተለጥፏል። ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን ባየው እስከ ሠላሳኛው ድረስ በአንድ እስክሪብቶ ተሞልቷል። ሌሎቻችን ትናንት መታጠባችንን እንኳ በማናስታውስበት ዘመን ነገ የሚታጠቡትን አስቀድሞ የሚያውቅ ሆስፒታል ማግኘታችን መታደል ነው። ውሃና አልኮል በሌለበት ክፍል የሚታጠበው ዓይን ብቻ ነው፤ እሱም በጨው።

ሦስተኛ፤ ለስምንት አልጋ ሁለት ነርስ መድበዋል። ከሁለቱ አንዷን፣ ስትራመድ አይተናት ስለማናውቅ፣ እኛ አስታማሚዎች «ሯጯ» እንላት ነበር። ሦስተኛው አልጋ ላይ ያሉትን አዛውንት ቁስል ጠርጋ፣ በዚያው ጓንት የእትዬን ቱቦ ልትነካ ስትል ጮኽኩባት፤ «ጓንት አድርጌያለሁ እኮ» አለችኝ፣ እውነት መስሏት። ጓንቱ የሷን እጅ እንጂ የእህቴን ሳንባ እንደማይጠብቅ ያስተማራት አልነበረም፤ በየአልጋው የምትቀይረውም አልነበራት። እህቴ ባረፈች ዕለት ኮሪደር ላይ አግኝታኝ «ጋሼ፣ መኪናው አይደለም እኮ» ብላ አለቀሰች። ከሐኪሙ ሌላ እውነቱን የነገረችኝ የደከመችው እሷ ብቻ ናት። እንዳትቀጧት በማሰብ መልኳንም ቁመቷንም አልጻፍኩም፤ ለስምንት አልጋ የሚመደቡት ሁሉ ስለሚሮጡ በሩጫዋ አይለዩዋትም።

አራተኛ፤ ይህኛውን ስጽፍ ትሕትናዬ ቢሳሳ ይቅር ይበሉኝ። በመሣሪያ የሚተነፍስ ሰው ራስጌው ከፍ ካላለ፣ አፉ ውስጥ የሚጠራቀመው ነገር ወደ ሳንባው እንደሚወርድ የነገረኝ ሐኪሙ ነው። የአራተኛው አልጋ ማዞሪያ እጀታ ጠፍቷል። እኔም ከሱቄ ሁለት የእንጨት ጉማጅ አምጥቼ ከራስጌው እግሮች ሥር አስገባሁ፤ ሐኪሙም አይቶ አመሰገነኝ። አራት ቀን እንደዚያ ተኛች፤ ሳንባዋም ያገገመው በእነዚያ ቀናት ነው። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እርስዎ ከአሥራ አንድ እንግዶች ጋር ክፍሉን ሊጎበኙ መጡ። ከመምጣትዎ በፊት ጉማጆቹ ለዓይን አያምሩም ተብለው ተወሰዱ፤ እኛም ወደ ውጭ ተባረርን። አልኮሉ ከቁም ሣጥን ወጥቶ በየአልጋው ተሰቀለ፤ እንግዶቹ ሲሄዱም ተለቅሞ ተመለሰ። ጉማጆቼን ግን በማግሥቱ፣ ትኩሳቱ ከያዛት በኋላ፣ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ አገኘኋቸው። ስለ ውበት ያለዎት አድናቆት ከአጥር ግቢው አበባ አልፎ እህቴ ሥር ድረስ መድረሱን ሳስብ ቃል ያጥረኛል።

የጉብኝቱ ፎቶግራፍ አሁን በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ተለጥፏል። እርስዎ ፈገግ ብለው መዳፍዎን በእትዬ ግንባር ላይ አሳርፈዋል፤ ከኋላዎ በክፍቱ በር በኩል የኔ ጽሑፍና የፕላስቲኩ አበባ ይታያሉ። እርስዎ ነዎት ያስተላለፉባት አልልም፤ ጀርም ላይ የላኪው ስም አይጻፍም። የማውቀው፣ ደጅ ሆኜ እንዳየሁት፣ ከአሥራ ሁለታችሁ አንዳችሁም ውሃ እንዳልነካችሁ ነው።

ይህን ሁሉ ያህል ሰው ሲነካካት እትዬ ቱቦው አፏ ውስጥ ስለነበር መናገር አትችልም ነበር። በአራተኛው ቀን ነቃ ብላ በምልክት እስክሪብቶ ጠየቀችኝ። ቁራጭ ካርቶን ያዝኩላት። የጻፈችው «እጅህን ታጥበሃል?» የሚል ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀለም በነካ እጄ ነጭ ጨርቋን አስነክታኝ አታውቅም፤ በላምባ ከዚያም በሳሙና አስታጥባ፣ መዳፌን ገልብጣ አይታ ነበር የምታስገባኝ። አንድ ቀን ብቻ ለሚለበስ ቀሚስ ያን ያህል የምትጠነቀቅ ሴት፣ ለራሷ የሚጠነቀቅላት አጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት በጀሪካን ውሃ እያመላለስኩ በሩ ላይ ቆሜ ለሚገባው ሁሉ አስታጥብ ነበር። አንዳንዶቹ ታጥበዋል፤ አንዳንዶቹ «ባለጀሪካኑ» የሚል ስም አውጥተውልኝ ስቀው አልፈዋል።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። የዳቦው መኪና ሹፌር ሰው ገድለሃል ተብሎ ታስሯል፤ የቀረበበትም ማስረጃ የእርስዎ ወረቀት ነው። ሹፌሩን አልወደውም፤ ልወደውም አልችልም፤ እህቴን አልጋ ላይ የጣላት እሱ ነው። ሚስቱ ሕፃን አዝላ ቤቴ መጥታ ስታለቅስ ግን አብሬያት አለቀስኩ። ሦስት አጥንት ሰብሯል፤ ለሰበረው ይጠየቅ። እየዳነች የነበረችውን ሴት ከአልጋዋ ሳትነሣ የገደላት ግን ክፍልዎ ነው፤ ይህም በወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ እለምናለሁ። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ተመላልሻለሁ። ጸሐፊዎ ቅጹ ላይ ለሞት ምክንያት የተተወው አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ ለሁለት ምክንያት አይበቃም አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በጠባብ ቦታ ላይ ብዙ ፊደል ማስገባት ሙያዬ ነው፤ ከተቸገራችሁ መጥቼ በነጻ እጽፍላችኋለሁ። ችሎቱ የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው።

በትዕግሥት ላነበቡኝ፣ ካላነበቡኝም በትዕግሥት ላስቀመጡኝ፣ ዘወትር በአክብሮት እጅ የምነሣዎት፣ የታጠበ እጅ፣

ባለጀሪካኑ

ግልባጭ፦
ለፍርድ ቤቱ፣
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ከፎቶግራፉ ጎን እንዲለጠፍ

የኅዳግ ማስታወሻ፦ ባለፈው ማክሰኞ ከቢሮዎ አንዲት ልጅ ደውላ፣ ተቆጣጣሪዎች ስለሚመጡ በር ላይ ያለው ጽሑፍ እንዲታደስ መፈለጉን ነገረችኝ፤ ማን እንደሆንኩ አላወቀችም። ሰኞ ጠዋት መሰላሌን ይዤ እመጣለሁ፤ «ይታጠቡ» የሚለውንም በዚህኛው ጊዜ አሰፋዋለሁ። ስጨርስ እጄን ስለምታጠብበት አይጨነቁ፤ ጀሪካኑ አሁንም ደጄ ላይ አለ። አራተኛው አልጋ ላይ አዲስ ሰው እንደተኛ ሰምቻለሁ፤ የሚተርፈኝን ውሃ ለቤተሰቡ ትቼላቸው እሄዳለሁ።