የዲግሪህ ስም

ናዝሬት፣ ኅዳር 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለሙሉብርሃን፣

«እናትህ አልጋ ላይ ውላለች» ብለው የጻፉልህ ሰዎች ተሳስተዋል። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ተሻለኝ። ጽሕፈቱ የጎረቤታችን የጫልቱ የሆነው መነጽሬ ስለተሰበረ ብቻ ነው። አሁን እንኳ «እማማ፣ ይህንንም ልጻፍ?» እያለች ታስቸግረኛለች። ጻፊ ብያታለሁ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ኦስሎ ያለው ትምህርት ቤትህ ከሥራ በኋላ ለሚማሩ ትልልቅ ሰዎች የዲግሪውን ስም በተማሩት ትምህርት እንደሚሰይም፣ የጠየቀ ግን «ባችለር ኦፍ አርትስ» ብቻ ሊያስብል እንደሚችል ጽፈሃል። አንተም ነገረ መለኮት የሚለው እዚህ እንዳያስይዝህ ከወረቀቱ አስቀርተኸው ለገና ልትመጣ አስበሃል። እኔን ለማየት እንደሆነ አውቃለሁ።

እንዲህ አታድርግ።

ይህ ደብዳቤ በባቡር ሠራተኛው በጂብሪል እጅ ወጥቶ ጅቡቲ ፖስታ ቤት ስለሚገባ በግልጽ ልናገር። ጸሎት ቤታችን ታሽጓል። ወንጌላዊ ኃይለየሱስን ከሞጆ ወስደውት እስካሁን የት እንዳለ አይታወቅም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር ገመቹ መጣና ራስጌዬ ቆሞ፣

«እማማ ጥሩነሽ፣ ልጅዎ በዚህ ዕድሜው ምን ይማራል? ኢንጂነር ሆኖ ሊመጣልን ነው?» አለኝ።

«አርባ ሦስት ዓመት እርጅና ከሆነ አንተም ጡረታ ውጣ» አልኩት።

ሳቀ። ሲወጣ ግን ጫልቱን በር ላይ አቁሞ፣ «የሚመጣበትን ቀን ቀድማችሁ ንገሩን» አላት። ወረቀቱ ምንም ቢል የሚጠብቁት አንተን ነው።

ደግሞም እኔን ያስተማሩኝ የሚስዮን መምህራን ያልተማረውን ተማርኩ የሚለውን በአለንጋ ይቀጡ ነበር። የተማሩትን መደበቅ ከዚያ አይሻልም። የተማርከው ነገረ መለኮት ነው፤ ዲግሪህም እንደዚያ ይባል። በዚያ ስም እዚያው ሥራ ፈልግ። ማንም ምንም ቢጽፍልህ፣ ለቅሶ ነው ቢሉህም አትምጣ።

ጫልቱ እዚህ ላይ ብዕሯን አስቀምጣ ነበር፤ ስቆጣት መልሳ አነሣችው።

እግዚአብሔር በሰው አገር ብርድ ይሸፍንህ። የምታስተምረው ሰው አያሳጣህ።

ነገ ደራ ሄጄ እህቴን አበዛሽን እጠይቃለሁ። ደራ ቢርቀኝ ገበያ ወርጄ ቲማቲም እገዛለሁ። ከዚያ በፊት ፀጉሬን እሠራለሁ። ከሁሉ በፊት ግን፣ ጂብሪል ሳይመጣ፣ ጫልቱ ደግፋ ቀና ታደርገኝና ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ እፈርማለሁ።

እናትህ
ጥሩነሽ