ስምህን በስሜ የተካሁበት ቀን

ክፍሎሜ፣

መንፈቅህን ካወጣን ሳምንት ሆነን። ድንኳኑ ከተነቀለ፣ ለቀስተኛውም ወደየቤቱ ከሄደ ቆይቷል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ አንድ ደግ ቃል አጥቼ ነው። ዛሬም ያገኘሁ እንዳይመስልህ። ተናድጄ ነው የምጽፍልህ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን እያደር እየጠፋኝ መጥቷል።

የቤቱን ልንገርህ። ጥቁሩን ጫማህን እናትህ ለወንድምህ ወሰዱለት። ይጠበዋል፣ ግን በግድ ያደርገዋል። ውሃ ዛሬም የሚመጣው ሲፈልግ ነው፤ በርሜሉን የምሞላው እኔ ነኝ። አልጋው ላይ ያንተ ጎን የልብስ መከመሪያ ሆኗል። መጀመሪያ አልነካውም ብዬ ነበር። አንድ ቀን ደክሞኝ የታጠበ ልብስ ጣልኩበት፣ በዚያው ቀረ። ሰው እንዲህ ነው የሚረሳው፣ እወቀው።

መሥሪያ ቤታችን በቁሓ መንገድ ወደተሠራው አዲሱ ሕንጻ ገባ። የኛ ክፍል መስኮት ይኖረዋል እያልክ ስትመኝ ነበር። የለውም። ከሕንጻው ጋር የማሽኖቹ ሁሉ የኔትወርክ አድራሻ መቀየር ነበረበት፤ አንተ ስትሞት ያልተሠራው ሥራ ይኸው ነበር።

ትዝ ይልሃል፣ ከደሴ መጥቼ የተቀጠርኩ ሰሞን? ያን ጊዜም አድራሻ ይቀየር ነበርና ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ በእጄ ሳስተካክል ከኋላዬ ቆመህ ሳቅህን ለቀቅከው። ከዚያ ወንበር ስበህ አንዲት መስመር ስክሪፕት ጻፍክ። አሮጌውን ቁጥር ፈልግ፣ በአዲሱ ተካ፣ አለቀ። ሳምንት ሙሉ ስለፋበት የነበረው ዓይኔን ሳልጠርግ ተለወጠ። የወደድኩህ ያኔ ነው። ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ያሳፍራል።

ከዚያ ጭቅጭቅህን ጀመርክ። ማሽን ቂል ነው አልከኝ። በ1 የሚያልቀውን አድራሻ ቀይር ካልሽው በ10 እና በ11 የሚያልቁትንም አብሮ ይበላቸዋል፤ ቁጥሩ የት ላይ እንደሚያበቃ ካላሳየሽው አያቆምም። ስለዚህ የማብቂያ ምልክት አድርጊ፣ ከመቀየርሽም በፊት የአሮጌውን ቅጂ አስቀምጪ። እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ እጇን እንድትታጠብ እንደምትመከር ሕፃን፣ ስንት ዓመት ጨቀጨቅከኝ። ከተጋባን በኋላ እራት ላይ እንኳ አልተውከኝም።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ ልመለስ። አልወድም፣ ግን ልመለስ። ኩላሊትህ ሥራውን ትቶ በተኛህበት በመጨረሻው ሳምንት ሐኪሙ አእምሮው ደህና ነው፣ አናግሪው ብሎኝ ነበር። ጠዋቱን ሙሉ እጅህን ይዤ ዓይንህን እስክትገልጥ ጠበቅኩ። የገለጥከው አለቃችን አቶ ግርማይ ሲገባ ነው። በአንድ እጁ ብርቱካን፣ በሌላው ላፕቶፕ ይዟል። ብርቱካኑን ለእኔ ሰጠኝ፣ ላፕቶፑን ብርድ ልብስህ ላይ አስቀመጠው። «ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የምፈልገው» አለ። አንተም የአድራሻ መቀየሪያውን ስክሪፕት ጻፍክለት። መርፌ በተሰካበት እጅህ ጻፍክለት። እኔ ብርቱካኔን ታቅፌ ቆሜ አየሁ።

እሱ ሲወጣ ወደ እኔ ዞርክ። ቅጂ ማስቀመጥ እንዳትረሺ አልከኝ፣ ዓይንህን ጨፈንክ። በቃ። ሌላዋ ሚስት እወድሻለሁ ትባላለች፣ ቢያንስ እናቴን አደራ ትባላለች። እኔ ቅጂ አስቀምጪ ተባልኩ።

ለቅሶው ላይ አቶ ግርማይ አጠገቤ ተቀምጦ «ኣጆኺ ሓፍተይ፣ አይዞሽ፣ ጠንክሪ» አለኝ። ሁለት ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሰርቨሩን ፓስወርድ ጠየቀኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ በለሆሳስ ነገርኩት። ሰዎቹ እያነባሁ መስሏቸው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ።

በሆስፒታሉ አልጋ ላይ የጻፍከውን ስክሪፕት ደፍሮ የሚያስኬድ ሰው ስላልተገኘ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር አደረግኩ። በየፋይሉ ማስታወሻ ትተህ እንደምትሄድ አውቃለሁ፦ እዚህ ጋ ተጠንቀቅ፣ ይህን ማሽን አትንካው ቁጡ ነው፣ እያልክ። በአንዷ ጥግ እኔንም አንስተኸኝ እንደሆነ ብዬ በፋይሎችህ ሁሉ ውስጥ ስሜን ፈለግኩ። ስክሪኑ ምንም ሳያመጣ ባዶ መስመር ላይ ቆመ። ለማሽን ቁጡ ነው የሚል ቃል ነበረህ፣ ለሮማን ግን አልነበረህም።

ከዚያ ስክሪፕትህን መጀመሪያ በቅጂው ላይ አስኬድኩት፣ እንዳስተማርከኝ። በ10 የሚያልቀው ተበልቷል፣ በ11 የሚያልቀውም ተበልቷል። ከፍቼ አየሁ። የማብቂያ ምልክቱ የለም። እራት ላይ እንኳ የጨቀጨቅከኝ አንተ ረስተኸዋል!

አቶ ግርማይ እስከ መጨረሻው ቀን ጭንቅላቱ ምላጭ ነበር እያለ በየስብሰባው ያወድስሃል። ውሸት ነው። ያኔ አልነበርክም። ሐኪሙ ያልነገረኝን ያቺ የጠፋች ምልክት ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ወር የመጨረሻዋን ደህና ግማሽ ሰዓትህን ለእነሱ ሰጠህብኝ እያልኩ ስቃጠል ነበር። ደህና ግማሽ ሰዓት አልነበረህም። ለእነሱም ለእኔም የምትሰጠው አልነበረህም።

ያጽናናኛል ብለህ ነው? እጅህ የለመደውን እንደጻፈ አፍህም የለመደውን ነው የተናገረው። ለእኔ የተነገረች መስላኝ የያዝኳት የመጨረሻ ቃል እንኳ ለእኔ አልተነገረችም። የሰርቨሩ ማራገቢያ ሲያጓራ፣ ማንም አይሰማኝም ብዬ አለቀስኩ።

ምልክቷን አስገባሁና አስኬድኩት። አድራሻው ሁሉ በሰላም ተለወጠ። አንድ ነገር ቀረ። መቼም የመሥሪያ ቤታችንን ልማድ ታውቃለህ፣ በየፋይሉ አናት ላይ የኀላፊው ስም ይጻፋል። በሞተ ሰው ስም ሥራ አይሠራም፣ ያንቺን አድርጊው ተባልኩ። አንዲት መስመር ነች። ስምህን ፈልግ፣ በስሜ ተካ። ዓይኔን ሳልጠርግ አለቀ።

እንደገና ስሜን ፈለግኩ። አሁን ስክሪኑ ሞላ፣ ሞልቶም ወደ ላይ ሮጠ፣ ሮማን፣ ሮማን፣ ሮማን። አንተ በነበርክበት ሁሉ አለሁ። ከዚያ ያንተን ፈለግኩ። ባዶ መስመር።

አቶ ግርማይ ሥራው መሳካቱን ሲያይ አሮጌውን ቅጂ አጥፊው፣ ቦታ ይይዛል አለኝ። እሺ አልኩት፣ አላጠፋሁትም። በፍላሽ ገልብጬ ቤት አምጥቼ ባንተ ጎን ከልብሱ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ከእንግዲህ የሚሠራበት ማሽን የለም። ውስጡ ያሉት አድራሻዎች የማንም አይደሉም፣ ቢጠሩ የሚመልስ የለም። እኔ ግን እሁድ እሁድ እከፍተዋለሁ፣ በየፋይሉ አናት ላይ ስምህን አነባለሁ፣ እዘጋዋለሁ።

አልረሳህም ክፍሎሜ። ቅጂውን አስቀምጫለሁ። ሌላ አደራ አልሰጠኸኝምና እስክሞት የምጠብቀው ይህንኑ ነው።

ሮማን